አብሯችሁ የሚኖረው ማን ነው?

ዎርዚንግተን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በኢንተርስቴት 90 ዳር የተቀመጠች የኖብልስ ካውንቲ መቀመጫ ናት። በ2000 ቆጠራ 11,283 ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2020 ደግሞ 13,947 ደረሰ። ዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ሰዉን የሚስበው የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። መስመሩ ላይ ቢላዋ ይዘው ከሚቆሙት መካከል ከላቲን አሜሪካ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱም አሉበት። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በሃይማኖቱ የማይቀምሰውን ሥጋ ሲበልት ይውላል፤ ማታ የሚገባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሰው ቤት ነው፤ ኪራይ።

እንዲህ ባለች ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት እንዲገዛ የሚያስችል የፌዴራል መንግሥት ዋስትና አለ። ዋስትናውን የሚሰጠው ግን ሰው የሚጠብቀው የቤቶች መሥሪያ ቤት ሳይሆን የግብርና ሚኒስቴር ነው። «ግብርና» ሲባል እርሻ የሌለው ሰው ለእኔ አይደለም ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ከታሪኩ የመጣ ነው። ሕጉ በ1949 በፕሬዚዳንት ትሩማን ፊርማ ሲወጣ የታሰበው በእርግጥም ለገበሬ ነበር። በ1961 ግን ማረሻ ጨብጦ የማያውቅ የገጠር ነዋሪም እንዲጠቀምበት ተሻሻለ። ዛሬ የሚሰጠው ከሩራል ዴቨሎፕመንት ቢሮ ሲሆን፣ የሕጉን አንቀጽ ቁጥር ይዞ «502» ይባላል። እንዲያውም በዚህ ብድር የሚገዛ ቤት ዋና ሥራው ገቢ ማስገኘት የሆነ እርሻ መሆን አይችልም። እዚህ ላይ ሚኒስቴሩ ዋስ የሚሆነው ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው።

502 ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቀጥተኛው ነው፤ መንግሥት ራሱ ያበድራል። ለዝቅተኛና በጣም ዝቅተኛ ገቢ የተመደበ ሲሆን፣ ወለዱ በድጎማ እስከ 1 በመቶ ሊወርድ ይችላል፤ ዘመኑ 33 ዓመት፣ ለአንዳንዱ 38 ዓመት ነው። ማመልከቻው ለባንክ ሳይሆን በቀጥታ ለሩራል ዴቨሎፕመንት ይገባል፤ ቤቱ ሲሸጥም ከድጎማው የተወሰነውን መንግሥት መልሶ ይወስዳል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ በ2024 በጀት 880 ሚሊዮን ዶላር ተያዘለት። ለሁለተኛው፣ ለዋስትናው፣ በዚያው ዓመት የተፈቀደው 25 ቢሊዮን ነው። ሁለት ደመወዝ የሚገባበት የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ሁለተኛው ስለሆነ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

«ዋስ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የታወቀ ትርጉም አለው። ዋስ የምትጠራው አንተ ነህ፤ የሚቆመውም ለአንተ ነው። እዚህ ግን መንግሥት ዋስ የሆነው ለባንኩ ነው። ተበዳሪው መክፈል አቅቶት ቤቱ ተሸጦ ባንኩ ቢከስር፣ የግብርና ሚኒስቴር ከመጀመሪያው ብድር እስከ 90 በመቶ ድረስ ኪሳራውን ይሸፍንለታል። ዕዳው ግን አይጠፋም። ተበዳሪው በፈረመው ወረቀት መሠረት መንግሥት የከፈለው ገንዘብ የፌዴራል ዕዳ ሆኖ ሊመዘገብና ከታክስ ተመላሹ ሊቀነስ ይችላል። ይህን ከፊርማው በፊት የሚነግር ሰው ቢኖር ብዬ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም «መንግሥት ዋስ ሆኖኛል» የሚል ስሜት ከአቅም በላይ ወደሆነ ቤት ይገፋል።

ዋጋው ግን በእውነት ጥሩ ነው። በ200,000 ዶላር ቤት እናስላው። ተበዳሪው ቅድሚያ አይከፍልም። የዋስትናው ክፍያ 1 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በብድሩ ላይ ሊጨመር ይችላል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከቀሪው ዕዳ 0.35 በመቶ ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ዓመት 700 ዶላር አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የኤፍኤችኤ ብድር ለዚያው ቤት ቢያንስ 3.5 በመቶ፣ 7,000 ዶላር፣ በቅድሚያ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ 1.75 በመቶ የመነሻ ኢንሹራንስና በተለመደው የ30 ዓመት ብድር 0.55 በመቶ ዓመታዊ ኢንሹራንስ አለው። በተጨማሪም የግብርና ሚኒስቴሩ ብድር የሚለካው በቤቱ ግምት ነው። ገማቹ ቤቱን ከሽያጭ ዋጋው አስበልጦ ከገመተው፣ በመካከል ያለው ልዩነት ለክሎዚንግ፣ ማለትም ለግዢው መዝጊያ፣ ወጪ ሊውል ይችላል። ሻጩም እስከ 6 በመቶ ድረስ ሊያግዝ ይፈቀድለታል።

አዲስ አበባ ላይ ለ20/80 ወይም ለ40/60 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ በየወሩ ንግድ ባንክ እየሄደ ቆጥቦ፣ ዕጣ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ የማይታመን ነገር ነው። ቤት ማለት መጀመሪያ ቁጠባ ነው ብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ «ያለ ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣው ማጭበርበር ነው የሚል ጥርጣሬ ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬው ያለ ቦታው ነው።

ብቁነት በሁለት ጥያቄ ይወሰናል፤ ቤቱ የት ነው፣ ቤተሰቡስ ስንት ያገኛል? የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል። «ገጠር» ማለት በሕጉ ከ2,500 ሰው ያልበለጠበት፣ ከትልቅ ከተማ ጋር ያልተያያዘ ቦታ ነው። ከ2,500 እስከ 10,000 ከሆነ ጠባዩ የገጠር መሆን አለበት። ከ10,000 እስከ 20,000 ያለው ደግሞ ከሜትሮፖሊታን ክልል ውጭ ሆኖ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች ከባድ የቤት ብድር እጥረት ያለበት መሆን ይጠበቅበታል። ዎርዚንግተን በሕዝብ ብዛቷ በዚህ በሦስተኛው መደብ ውስጥ ናት። ከእሷ ወደ ምዕራብ 60 ማይል ያህል ርቆ፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የሱ ፎልስ ከተማ ግን ከ190,000 በላይ ሕዝብ ስላለው ውጭ ነው። አንድ ሰው በሱ ፎልስ እየሠራ ከከተማው ራቅ ባለች ትንሽ መንደር ቤት ቢገዛ ሊፈቀድለት ይችላል፤ የሚታየው የሥራው ቦታ ሳይሆን የቤቱ አድራሻ ነውና። ሚኒስቴሩ አድራሻ አስገብቶ የሚፈተሽበት ካርታ አለው። መስመሩ መንገድ ለመንገድ ስለሚያልፍ፣ ቤት ከመውደድ በፊት ካርታውን ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። የእኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

ባንክ የሚጠይቀው የተበዳሪውን ገቢ ነው። የግብርና ሚኒስቴር ደግሞ ሌላ ይጠይቃል፤ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? ዕድሜው 18 የሞላ፣ በዚያ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ብድሩ ላይ ስሙ ባይኖርም፣ አንድ ሳንቲም ለቤቱ ባያዋጣም፣ ገቢው ይቆጠራል። ድምሩ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ መብለጥ የለበትም። በ2025 በአብዛኞቹ የገጠር ካውንቲዎች የሚሠራበት መነሻ ጣሪያ ከ1 እስከ 4 ሰው ላለው ቤተሰብ 119,850 ዶላር፣ ከ5 እስከ 8 ሰው ላለው 158,250 ዶላር ሆኗል።

ባልና ሚስት ሁለቱም በሰዓት 23 ዶላር ያገኛሉ እንበል። በሳምንት 40 ሰዓት ሲሠሩ የአንዱ ዓመታዊ ገቢ 47,840፣ የሁለቱ 95,680 ይሆናል። ከጣሪያው በታች ናቸው፤ ችግር የለም። ከዚያ የባልየው ታናሽ ወንድም በዲቪ ይመጣል። የት ሊያድር ነው? እነሱው ጋ ነው እንጂ። በሁለተኛው ወር እዚያው ፋብሪካ ይቀጠርና የቤቱ ገቢ 143,520 ይገባል። ባልና ሚስቱ አንድ ልጅ ካላቸው፣ ወንድምየው ሲጨመር አራት ናቸው፤ ከ119,850 በላይ ስለሆኑ ተከለከሉ። ሁለት ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ግን አምስት ይሆኑና ጣሪያቸው 158,250 ላይ ይወጣል፤ በዚያው ገቢ ብቁ ናቸው። ደመወዙ አልተለወጠም፤ ቤቱ አልተለወጠም፤ የለየው አንድ ሕፃን ነው። ይህን ስሌት ሳያውቁ «ወንድምህ ሥራ ስለያዘ አይሆንም» ተብለው የተመለሱና፣ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ በሩ እንደተከፈተ ያልሰሙ ሰዎች መኖራቸውን አልጠራጠርም።

የትርፍ ሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ያው ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጅ ይዘው፣ ወንድም ሳይኖር፣ ቅዳሜም ሠርተው እያንዳንዳቸው በሳምንት 10 ትርፍ ሰዓት በ34.50 ዶላር ለ50 ሳምንት ቢሠሩ 34,500 ይጨምራሉ። ድምሩ 130,180 ነው፤ ከጣሪያው በላይ። ትርፍ ሰዓቱ የሚቀጥል ከሆነ ይቆጠራል። ግን ከገቢው የሚቀነስ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ጥገኛ ልጅ 480 ዶላር ይቀነሳል፤ ያን ያህል አይጠቅምም። የሚጠቅመው ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች፣ ወላጅ ሥራ እንዲሄድ ሲባል የሚከፈለው የሞግዚት ወጪ ነው። በወር 900 ዶላር የሚከፍሉ ከሆነ በዓመት 10,800 ይወርዳል። ስሌቱ እንግዲህ 118,420 ላይ ያርፋል፤ በ1,430 ዶላር ልዩነት ብቁ ሆኑ።

ይህ የሚሆነው ግን ወጪው በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። ልጆቹን የምትይዘው የጎረቤት እናት ከሆነችና ዓርብ ዓርብ በእጇ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጣት ከሆነ፣ ለሚኒስቴሩ ያ 10,800 ዶላር አልተከፈለም። እኛ የሰዉን ፊት አይተን የምንተማመንበት፣ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር የሚመስልበት ግንኙነት እዚህ ቤት ያሳጣል። በቼክ መክፈልና አጭር የተፈረመ ወረቀት መያዝ ማንንም አያስቀይምም፤ ለጎረቤቷ እናትም ገቢዋን በሕግ የምታሳይበት መንገድ ይሆናታል።

ሌላም የማይቆጠር ነገር አለ። ደሴ ወይም ጎንደር ያለች እናት በየወሩ የሚላክላትን የምትጠብቅ ብትሆንም ጥገኛ ተብላ አትቀነስም፤ በጣሪያው ስር አትኖርምና። ደንቡ ቤተሰብን የሚያየው በአንድ በር ገብቶ በሚወጣ ሰው ልክ ነው። የእኛ ቤተሰብ ግን በሁለቱም በኩል ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ቤት ውስጥ የሚኖረው ወንድም ገንዘቡን ለራሱ ሚስትና ልጆች ወደ አገር ቤት ይልካል፣ እዚያ ያለችው እናት ደግሞ በዚህ ቤት ገቢ ትኖራለች። የማያዋጣው ተቆጥሮ የሚረዳው ሳይቀነስ ሲቀር፣ በወረቀት ላይ ሀብታም የሆነ፣ በእጁ ግን ምንም የሌለው ቤተሰብ ይፈጠራል። ሕግ አውጪው የውጭ አገር ጥገኛን ማጣራት ይከብዳል ቢል እውነት አለው። ለአዋቂ ወንድም ግን ሙሉ ደመወዙን ከመቁጠር ለቤቱ የሚያዋጣውን ብቻ መቁጠር የሚቻል ይመስለኛል፤ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ይህን የመሰለ አሠራር አስቀድሞ አለና። ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ልጅ ምንም ያህል ቢሠራ ከገቢው የሚቆጠርበት የመጀመሪያው 480 ዶላር ብቻ ነው።

ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ ወንድምን መደበቅ መፍትሔ አይደለም። ቅጹ ላይ የሚፈረመው በፌዴራል ሕግ ነው፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ቅጣቱ ከቤት በላይ ነው፣ በተለይ የዜግነት ጉዳዩ ገና ላላለቀ ሰው። ሁለት ቀና መንገዶች አሉ። ወንድምየው ከክሎዚንግ በፊት በእርግጥ የራሱን ቤት ተከራይቶ መውጣት ይችላል። ወይም፣ የሰዉ ብዛት አምስት ከሞላ፣ አብሮ ተበዳሪ ሆኖ ሊፈርም ይችላል፤ ያን ጊዜ ገቢው ለጣሪያው ብቻ ሳይሆን ለመክፈል አቅምም ይቆጠርላቸዋል።

የመክፈል አቅሙ መለኪያ ሌላ ነው። በተለመደው መስፈርት የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ፣ ታክስና ኢንሹራንሱ ተጨምሮ፣ ከተበዳሪዎቹ ገቢ 29 በመቶ፣ ዕዳው ሁሉ ተደምሮ ደግሞ 41 በመቶ አካባቢ ላይ እንዲቆም ይፈለጋል። 95,680 የሚያገኙት ባልና ሚስት በወር 7,973 ዶላር አላቸው። ለቤት 2,312፣ ለዕዳ ሁሉ 3,269 ነው። ሁለት መኪና በ600ና በ650 ዶላር ከገዙ ግን ለቤት የሚቀረው 2,019 ይሆናል። ገጠር ውስጥ ያለ መኪና መኖር አይቻልም፤ ለዚህ ማንንም አልወቅስም። የሚያሳዝነኝ ለዘመድ የተፈረመው ነው። የአጎት ልጅ ክሬዲት ስለሌለው መኪናው በእኔ ስም ይወጣል፤ ክፍያው እንደ እኔ ዕዳ ይያዝብኛል። እሱ ራሱ ላለፉት 12 ወራት ከራሱ ሒሳብ ሲከፍል መቆየቱን ማሳየት ከተቻለ ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ እየሰጠኝ እኔ የምከፍልለት ከሆነ ግን አይወጣም። እንደገና ወረቀት።

ዕቁብም እዚሁ ላይ ይነሳል። ቅድሚያ ክፍያ ባይኖርም ለክሎዚንግ፣ ለቤት ምርመራና ለመጠባበቂያ ጥቂት ሺህ ዶላር ያስፈልጋል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ይህን የሚያጠራቅመው በዕቁብ ነው። ዕጣ ወጥቶ 10,000 ዶላር አንድ ቀን ባንክ ሲገባ አበዳሪው «ከየት መጣ?» ይላል። የዕቁቡ ጸሐፊ ያዘጋጀው የአባላት ዝርዝርና፣ በየወሩ ከባንክ ለዕቁቡ የወጣ ገንዘብ ምልክት ካለ ይገለጻል። ክሬዲት ጨርሶ የሌለው ሰውም ተስፋ አይቆርጥም፤ የአንድ ዓመት የኪራይ፣ የመብራትና የኢንሹራንስ ክፍያ በማስረጃ ቀርቦ እንደ ክሬዲት ታሪክ ሊታይ ይችላል። በግላቸው ለሚሠሩ የከባድ መኪና ነጂዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በታክስ ላይ ወጪ ሁሉ ተቀናንሶ የቀረው ገቢ ነው የሚታየው፤ ታክሱን ያቀለለው ስሌት ብድሩን ያከብደዋል። ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በ2025 ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ኤፍኤችኤ ከግንቦት ወር መጨረሻ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ብድር ዋስ መሆኑን አቁሟል። የግብርና ሚኒስቴሩ ዋስትና ዜጎችን፣ ግሪን ካርድ ያላቸውን፣ እንዲሁም ስደተኝነት ወይም ጥገኝነት ያገኙትን ሕጉ ብቁ ከሚላቸው የውጭ ዜጎች ውስጥ ይቆጥራል። ለኢትዮጵያውያን በ2022 ታኅሣሥ የጀመረው ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ፣ በዚያ ትርጉም ውስጥ የለም። በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ እኩል ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ አንዷ ቤት ልትገዛ ስትችል ሌላዋ አትችልም። ይህ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ባልና ሚስትን ሳይቀር ይለያል፤ ብቁ የሆነው አንዱ ብቻ ከፈረመ የሁለቱ ገቢ ለጣሪያው ይቆጠራል፣ ለመክፈል አቅም ግን የፈራሚው ብቻ።

ስለ ዎርዚንግተን የማስበው ሌላ ነገር አለ። ይህች ከተማ በሃያ ዓመት 2,664 ሰው የጨመረችው በሠራተኞቿ ጉልበት ነው። የካውንቲውን ትምህርት ቤት የሞሉት፣ በዋናው መንገድ ሱቅ የከፈቱት እነሱ ናቸው። ከተማዋ ባደገች ቁጥር ግን ወደ 20,000 መስመር ትጠጋለች። ሕጉ ቀድሞ ገጠር ተብለው ለነበሩ ቦታዎች እስከ 35,000 ሰው ድረስ በሁኔታ የሚቆይ የመሸጋገሪያ አንቀጽ አለው፤ እሱም በ2030 ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ገደብ አለበት። ከተማዋን ያሳደገው ሰው በዕድገቷ ምክንያት ከዋስትናው ሲወጣ ማየት ቅር ያሰኛል፤ የብድር እጥረቱ የሚቀለው የነዋሪው ቁጥር ስለጨመረ አይደለምና።

በቅርቡ የታየው ፈተና ደግሞ ከደንቡ ሳይሆን ከዋሽንግተን የመጣ ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 12፣ 2025 የፌዴራል መንግሥት ለ43 ቀናት ሲዘጋ፣ የግብርና ሚኒስቴሩ አዲስ የዋስትና ማረጋገጫ መስጠት አቆመ። ባንኩ ሥራውን ጨርሶ፣ ገማቹ ቤቱን አይቶ፣ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ፣ የቀረው ከሩራል ዴቨሎፕመንት የሚመጣው አንድ ወረቀት ብቻ የሆነበት ገዢ ጠበቀ። ውሉ ላይ የተጻፈው የክሎዚንግ ቀን ሲያልፍ ሻጩ ማራዘም ግዴታው አይደለም፤ ያስያዙት ገንዘብም እንደ ውሉ አጻጻፍ ሊቀር ይችላል። መዘጋቱን ያበቃው ሕግ ለግብርና ሚኒስቴሩ የሙሉ ዓመት በጀት ስለሰጠው ገንዘቡ እስከ መስከረም 30፣ 2026 ድረስ አለው። በዚህ ብድር ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው የክሎዚንግ ቀኑን ከጥቅምት 1 በፊት በቂ ሳምንታት አስቀርቶ ቢያስቀምጥ፣ በውሉም ላይ «የመንግሥት መዘጋት ቢያጋጥም ቀኑ ይራዘማል» የሚል አንድ መስመር እንዲገባለት ደላላውን ቢጠይቅ፣ ያ መስመር ምንም አያስከፍልም።